ከብረት ዘንግ እስከ ሞተር ክንፍ፦ የሙቀት ፍሰት እውቀት ታሪክና ለመምህራን ሥልጠና ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ ሙቀት በአንድ ምዕራፍ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት በሌላ ምዕራፍ ተለያይተው መቅረባቸው የተለመደ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ምዕራፍ ብረት ሙቀትን በደንብ እንደሚያስተላልፍ፣ እንጨት ግን እምብዛም እንደማያስተላልፍ ይማራል፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ የኦምን ሕግ በቃሉ ያጠናል። ሁለቱ ምዕራፎች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸው ግን አይነገረውም። በዚህም ምክንያት አንዱን ቀመር ከሌላው ሳያዛምድ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሳዋል። ተማሪውን ያስተማረው መምህር ራሱ በሥልጠናው ወቅት ዝምድናውን ካላየ ደግሞ ጉድለቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በረጋ ሁኔታ ስለሚፈስ ሙቀት ያለን እውቀት እንዴት እንደዳበረ ባጭሩ ማውሳትና ከዚሁ ታሪክ ለክፍል ትምህርት የሚበጀውን ነጥብ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያሻል።

አስቀድሞ «የረጋ ፍሰት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንግለጽ። የአንድ ብረት ዘንግ ጫፍ እሳት ውስጥ ሲገባ የዘንጉ እያንዳንዱ ነጥብ በየደቂቃው እየሞቀ ይሄዳል። ከቆይታ በኋላ ግን በየነጥቡ ያለው መጠነ ሙቀት መለዋወጡን ያቆማል። በዚያን ጊዜ ወደ ዘንጉ የሚገባው ሙቀትና ከዘንጉ ወደ አካባቢው አየር የሚወጣው ሙቀት እኩል ናቸው። ሙቀት መፍሰሱን አላቆመም፤ ነገር ግን ፍሰቱ ረግቷል። የወንዝ ውኃ ዘወትር እየፈሰሰ ከፍታው እንደማይለዋወጥ ሁሉ መሆኑ ነው።

ከፉርዬ በፊት የነበረው እውቀት

አይዛክ ኒውተን በ1701 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ቀይ እስኪሆን የጋለ ብረት ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ አስቀምጦ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ መርምሮ ነበር። ከዚህም በመነሣት አንድ የጋለ አካል የሚያጣው ሙቀት በእርሱና በአካባቢው መካከል ካለው የመጠነ ሙቀት ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ሙቀት ከአካሉ ገጽ ወደ አየር ስለሚወጣበት መንገድ የሚናገር እንጂ በአካሉ ውስጥ ስለሚጓዝበት መንገድ የሚናገር አልነበረም።

በአካሉ ውስጥ ስላለው ጉዞ ቀደም ብለው ካሰቡት አንዱ ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት ነው። እርሱ በ1777 ካረፈ በኋላ በ1779 በታተመው «ፒሮሜትሪ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ጫፉ በሚሞቅ ዘንግ ላይ ያለው መጠነ ሙቀት ከእሳቱ በራቀ ቁጥር በእኩል ልክ ሳይሆን በእኩል እጅ እየቀነሰ እንደሚሄድ አመልክቷል። ይኸውም ከእሳቱ አንድ ስንዝር ርቆ ግማሽ ከሆነ፣ ሁለት ስንዝር ርቆ ሩብ፣ ሦስት ስንዝር ርቆ ስምንተኛ ይሆናል ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ፣ በቤንጃሚን ፍራንክሊን አሳሳቢነት፣ የልዩ ልዩ ብረቶችን ሽቦዎች በሰም ለብጦ ጫፋቸውን በጋለ ዘይት ውስጥ በመንከር ሰሙ የቀለጠበትን ርቀት አወዳደረ። ውጤቱን በ1789 ሲያወጣ ብርን በአስተላላፊነት ቀዳሚ አድርጎ አስቀመጠ። ይህ ሙከራ ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶች ይታያል። ይሁን እንጂ በአግባቡ ካልተመራ ተማሪውን ያሳስታል፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ቢዮ በ1804 በብረት ዘንግ ላይ ቴርሞሜትሮችን በየርቀቱ ተክሎ፣ ፍሰቱ ከረጋ በኋላ ንባቦቹ ላምበርት እንዳለው በእኩል እጅ የሚቀንሱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ረዥም የብረት ዘንግ አንዱ ጫፉ ቢጋል ሌላው ጫፍ ሙቀቱ እንደማይሰማውም ተገነዘበ። ይህን በዛሬው መለኪያ ማስላት ይቻላል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል የብረት ዘንግ በጸጥተኛ አየር ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሩቁን ጫፍ ከአካባቢው አየር በ1 ዲግሪ ብቻ ለማስበለጥ ቅርቡን ጫፍ ወደ 6,000 ዲግሪ ግድም ማሞቅ ያስፈልጋል። ብረት ግን በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ስለሆነም ሩቁ ጫፍ ሳይሞቅ ቅርቡ ጫፍ ይቀልጣል ማለት ነው። አንጥረኛ ረዥሙን ብረት አንድ ጫፉ ፍም መስሎ ሳለ ሌላውን ጫፍ በባዶ እጁ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢዮ ሙከራውን በሚገባ ቢያካሂድም ትክክለኛውን እኩልታ ለመመሥረት ግን ተቸገረ። ችግሩ የነበረው አንድ የዘንግ ቁራጭ ለጎረቤቱ የሚሰጠውን ሙቀት በሁለቱ መካከል ካለው የመጠነ ሙቀት ልዩነት ጋር ብቻ በማዛመዱ ነው። ቁራጮቹ እያነሱ በሄዱ ቁጥር ልዩነቱም ወደ ምንም ስለሚጠጋ ሒሳቡ አንዱ ወገን ከሌላው ጋር የማይመዛዘን ሆነበት።

ፉርዬ፦ የአገር አስተዳዳሪው ሊቅ

ይህን ቋጠሮ የፈታው ዣን ባፕቲስት ጆሴፍ ፉርዬ ነው። ፉርዬ በ1768 በኦግዜር ከተማ ከልብስ ሰፊ ቤተሰብ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጣ። በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ታስሮ ተፈታ። በ1795 መምህራንን ለማሠልጠን በፓሪስ በተከፈተው ኤኮል ኖርማል ተማሪ የነበረ መሆኑን ለእኛ ለመምህራን አሠልጣኞች ማስታወሱ ተገቢ ይሆናል። በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ ዘመተ፤ ሲመለስም በ1802 የኢዜር አውራጃ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመና በግረኖብል ከተማ ተቀመጠ። ረግረግ ማድረቅንና መንገድ ማሠራትን ከመሳሰሉት የአስተዳደር ሥራዎች ጎን ለጎን ስለ ሙቀት ፍሰት ምርምሩን ያካሂድ ነበር።

የፉርዬ ዋነኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በአንድ ሰከንድ በአንድ ገጽ በኩል የሚያልፈው ሙቀት የሚወሰነው በመጠነ ሙቀቱ ልዩነት ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ ለርቀቱ ሲካፈል በሚገኘው ቁልቁለት ነው። ውኃ በተዳፋት ላይ የሚወርድበት ፍጥነት ከላይኛውና ከታችኛው ቦታ የከፍታ ልዩነት ብቻ ሳይሆን ከተዳፋቱ አቀበትነት ጋርም የተያያዘ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ቁራጮቹ የቱንም ያህል ቢያንሱ ርቀቱም አብሮ ስለሚያንስ ቁልቁለቱ አይጠፋም። የቢዮ ችግር በዚህ ተወገደ። ከዚህም በላይ ፉርዬ በአካሉ ውስጥ ያለውን የአስተላላፊነት ባሕርይና ከገጹ ወደ አየር የሚወጣበትን ባሕርይ ሁለት የተለያዩ መጠኖች አድርጎ ለይቷቸዋል። ኒውተን የተናገረው ስለ ሁለተኛው ነበር።

ይህን ሥራ በታኅሣሥ 21 ቀን 1807 ለፓሪስ የሳይንስ ተቋም አቀረበ። መርማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክርዋ ነበሩ። በተለይ ላግራንዥ ፉርዬ የተጠቀመበትን የሒሳብ ስልት አልተቀበለውም። ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። በ1811 አሻሽሎ ለውድድር አቀረበው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሽልማቱን ቢያገኝም ዳኞቹ የማስረጃው ጥብቅነት ይጎድለዋል በማለት ትችት አከሉበት። በመጨረሻም በ1822 «የሙቀት ትንተናዊ ንድፈ ሐሳብ» የተሰኘውን ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። የመጀመሪያው የ1807 ጽሑፍ ሙሉ ቃል በመጽሐፍ ወጥቶ ለአንባቢ የደረሰው በ1972 ነው። ዛሬ በአንድ መስመር የምንጽፈው ሕግ በመጽሐፍ እስኪታወቅ ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ሙግት እንዳስፈለገው ተማሪው ቢያውቅ፣ ለመረዳት የሚወስድበትን ጊዜ እንደ ድክመት አይቆጥረውም።

ኦም፦ ከሙቀት የተወረሰው የኤሌክትሪክ ሕግ

የፉርዬ መጽሐፍ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኮሎኝ ከተማ የሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጽሐፉን አንብቦ ሌላ ነገር አየበት። ይህ መምህር የቁልፍ ሠሪ ልጅ የነበረው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ሙቀት ከሞቃት ቦታ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈስ ሁሉ ኤሌክትሪክም በሽቦ ውስጥ ተመሳሳይ በሆነ መንገድ ይፈስሳል ብሎ አሰበ።

ሙቀት ኦምን የረዳው በሒሳቡ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ኃይላቸው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትክክለኛ ልኬት ለማካሄድ አይመቹም ነበር። ኦም በፖገንዶርፍ ምክር፣ ዜቤክ በ1821 ባገኘው መንገድ፣ ቢስሙትና መዳብ አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ አኖረ። የመጠነ ሙቀት ልዩነቱ ሳይለዋወጥ ስለቆየ የኤሌክትሪኩም ምንጭ ሳይለዋወጥ ቆየለት። በዚህ መሣሪያ በ1826 ልኬቶቹን ካወጣ በኋላ በ1827 ንድፈ ሐሳቡን በበርሊን በመጽሐፍ አሳተመ፤ የፉርዬንም ሥራ በአርአያነት ጠቀሰ። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ሞቅ ያለ አቀባበል አላገኘም። የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ የሸለመው በ1841 ነው።

ኦም «ተቃውሞ» ያለው መጠን የሽቦው ርዝመት ለስፋቱና ለአስተላላፊነቱ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይህ አካሄድ ከፉርዬ ግድግዳ ጋር አንድ ነው። ከጊዜ በኋላ መሐንዲሶች ቃሉን ወደ ትውልድ ቦታው መልሰው «የሙቀት ተቃውሞ» አሉት። የመጠነ ሙቀት ልዩነት በቮልቴጅ ቦታ፣ የሙቀት ፍሰት በጅረት ቦታ፣ የግድግዳው ውፍረት ለስፋቱና ለአስተላላፊነቱ ብዜት ተካፍሎ በተቃውሞ ቦታ ይቆማሉ። ግድግዳው ከብዙ ንጣፎች የተሠራ ከሆነ ተቃውሞዎቹ በተርታ እንደተያያዙ ሽቦዎች ይደመራሉ።

ዝምድናው ከስሌት ያልፋል። ቪደማንና ፍራንትዝ በ1853 ባወጡት ጥናት ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፉ ብረቶች ኤሌክትሪክንም በደንብ እንደሚያስተላልፉ፣ የሁለቱም ንጽጽር በልዩ ልዩ ብረቶች ዘንድ ተቀራራቢ መሆኑን አሳዩ።

ዝምድናው ወሰን እንዳለውም መምህሩ ሊዘነጋ አይገባም። መዳብ ከብርጭቆ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍበት ብልጫ ከሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን እጥፍ እጅግ ይበልጣል። በሙቀት ረገድ ግን መዳብ 400፣ ጸጥ ያለ አየር 0.026 ዋት በሜትር በዲግሪ ስለሆኑ ልዩነታቸው 15 ሺህ እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር መውሰድ ሲቻል ሙቀትን በብረት ዘንግ ውስጥ ሁለት ሜትር መውሰድ አልተቻለም። ሙቀት በመንገዱ ሁሉ በጎን ይሾልካል።

የማቀዝቀዣ ክንፎች

ለቢዮ እንቅፋት መስሎ የታየው ይህ የጎን መሹለክ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመሐንዲሶች መሣሪያ ሆነ። የቤንዚን ሞተር በተፈለሰፈ ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ነዳጅ ሙቀት ካልተወገደ ሲሊንደሩ ይበላሻል። ከብረቱ ገጽ ወደ አየር ሙቀት የሚወጣበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ የገጹን ስፋት ማብዛት አስፈለገ። በዚህም ምክንያት ከ1895 ጀምሮ የተሠሩት የዴ ዲዮን ቡቶን ትናንሽ ሞተሮች በዙሪያቸው ስስ ክንፎችን ለብሰው ታዩ። የሴገን ወንድማማቾች የሠሩት 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ኖም የተባለው የአውሮፕላን ሞተርም ሲሊንደሮቹ ከነክንፎቻቸው ከብረት ተፈልፍለው የተሠሩ ነበሩ።

ክንፉ ምን ያህል ይርዘም? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ በልምድ ብቻ ይመለስ ነበር። በ1922 ሃርፐርና ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የበረራ ጥናት አማካሪ ኮሚቴ ባቀረቡት 158ኛ ሪፖርት ጥያቄውን በሒሳብ መለሱት። ክንፍ ማለት አጭር የቢዮ ዘንግ ነው። ሥሩ የጋለ፣ ጫፉ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ጫፉ እንደ ሥሩ አይሠራም። ክንፉ በእርግጥ የሚያወጣው ሙቀት ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ቢግል ኖሮ ሊያወጣ ይችል ለነበረው ሙቀት ሲካፈል የክንፉ ብቃት ይገኛል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ክንፍ መጠነኛ ነፋስ ሲነፍስበት ርዝመቱ 6.3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ብቃቱ 76 ከመቶ ነው። ርዝመቱን በእጥፍ ብናሳድገው ብረቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚወጣው ሙቀት ግን የሚጨምረው በ27 ከመቶ ብቻ ሲሆን ብቃቱ ወደ 48 ከመቶ ይወርዳል። ሦስት እጥፍ ብናደርገው የመጨረሻው ሦስተኛ እጅ የሚያስገኘው ጭማሪ 3 ከመቶ ያህል ነው። ይህኑ የ6.3 ሴንቲ ሜትር ክንፍ አስተላላፊነቱ የአሉሚኒየሙ ሩብ ከሆነ ብረት ብንሠራው ደግሞ ብቃቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ 48 ከመቶ ነው። ስለሆነም አንድ ረዥም ክንፍ ከማቆም ብዙ አጫጭርና ስስ ክንፎችን ማቀራረብ ይሻላል።

ኤርንስት ሽሚት በ1926 ከዚህ አልፎ በተወሰነ ብረት ከፍተኛውን ሙቀት የሚያወጣ ክንፍ ቅርጹ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ መሆን እንዳለበት አመለከተ። በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ ከኒው ዮርክ ፓሪስ 33 ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ሲበር የተሸከመው ራይት ዊርልዊንድ ሞተር ባለ ዘጠኝ ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረዥም ዘመን ሲመላለስ የቆየው፣ ሥራውም በ2003 ያቆመው የቮልስዋገን «ቢትል» ሞተርም ክንፍ ለባሽ ነው። ዛሬ በራዲዮ ማጉያና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚታዩት የአሉሚኒየም ክንፎች የዚሁ ታሪክ ተከታዮች ናቸው።

ለክፍል ትምህርት ያለው ፋይዳ

ከላይ ከተተረከው ታሪክ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሦስት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የሰም ሙከራው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ እንዲጠይቅ ይደረግ። «ሰሙ ቶሎ የቀለጠው በየትኛው ላይ ነው?» የሚለውና «በመጨረሻ ሰሙ እስከ የት ቀለጠ?» የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ንጹሕ ብረትና እርሳስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የብረት አስተላላፊነት ከእርሳስ ከእጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን እርሳስ ለመሞቅ የሚፈልገው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰሙ በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ይቀልጣል። ፍሰቱ ሲረጋ ግን የብረቱ ርቀት የእርሳሱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ሙከራውን ቸኩሎ ያቋረጠ ተማሪ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የሙቀት ተቃውሞ ተማሪው በሚያውቀው ነገር ይማር። ከሁሉ የቀረበው የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ነው። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በአንድ ካሬ ሜትር ያለው የሙቀት ተቃውሞ 0.000007 ዲግሪ በዋት ያህል ነው። በላዩና በታቹ የተጣበቀው ስስ የአየር ንጣፍ ግን 0.15 ያህል ይሆናል፤ ማለትም ከቆርቆሮው ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ። ስለዚህ ቆርቆሮውን በእጥፍ ማወፈር ክፍሉን አያቀዘቅዘውም። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሣር ክዳን ግን ተቃውሞው 3 ያህል ነው። አባቶቻችን በሣር የከደኑት ቤት በቀትር ቀዝቃዛ፣ በሌሊት ሞቃት የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢመታ፣ የኮርኒሱ ተቃውሞና በመካከል የሚታገደው አየር ተደምረው የጣሪያውን ጠቅላላ ተቃውሞ ከእጥፍ በላይ ያሳድጉታል። ይህ ስሌት የረጋውን ሁኔታ ብቻ የሚመለከት ቢሆንም ከመደመርና ከማካፈል የበለጠ ሒሳብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ የኦም ሕግ ትምህርት ከሙቀት ምዕራፍ ጋር ተያይዞ ይቅረብ። ለምሳሌ 20 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ትራንዚስተር ውስጡ ከ150 ዲግሪ እንዳያልፍ ቢፈለግና የአካባቢው አየር 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ጠቅላላው ተቃውሞ 120 ለ20 ተካፍሎ ከ6 ዲግሪ በዋት መብለጥ የለበትም። ከዚህ ውስጥ ትራንዚስተሩና መጋጠሚያው 2 ቢወስዱ ለማቀዝቀዣው ክንፍ የሚቀረው 4 ነው። ይህን የሠራ ተማሪ የኦምን ሕግ በሌላ ልብስ እንደሠራው ሲነገረው ሁለቱ ምዕራፎች በአእምሮው ይገናኛሉ።

ማጠቃለያ

የሙቀት ፍሰት እውቀት በአንድ ሰው ወይም በአንድ ዘመን የተገኘ አይደለም። ኒውተን ገጹን፣ ላምበርትና ቢዮ ዘንጉን፣ ፉርዬ ቁልቁለቱን፣ ኦም ተቃውሞውን፣ ሃርፐርና ብራውን ክንፉን እየጨመሩ የተገነባ ነው። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ፣ ፉርዬና ኦም፣ በመምህርነት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ኦም የሙቀትን መጽሐፍ አንብቦ ስለ ኤሌክትሪክ ማሰብ የቻለው ሁለቱን በመካከላቸው ግድግዳ ሳያቆም ስላያቸው ነው። እኛ ግን በመጻሕፍታችን ውስጥ ግድግዳውን መልሰን እናቆማለን። ሥርዓተ ትምህርት በሚከለስበት ጊዜ ሁለቱን ምዕራፎች የሚያገናኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመደብ የሚጠይቀው ወጪ የለም፤ የሚጠይቀው መምህሩ ዝምድናውን አስቀድሞ ማወቁን ነው። ይህም የሚጀመረው በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ውስጥ ነው።